ያልተነበበው ግማሽ

ጃኔል ሳንድዊቿን አንዴ እንደ ገመጠች ነበር ቦኒ ከማዶው ጠረጴዛ የጠየቀቻት።

«ያን አዲሱን ልቦለድ ለማን ሰጠሽው? አስተማሪዋ ወደ ገጠር የምትመጣበትን።»

«ለኬንት።»

«ለየትኛው ኬንት?»

«ስንት ኬንት ነው ያለው?»

«በቤተ ክርስቲያናችን ብቻ? አራት። አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ አንዱ ደግሞ መጽሐፍ የተንጋደደ ጠረጴዛ ከመደገፍ በቀር ለምን እንደሚሆን አያውቅም።»

«ለወይዘሮ አርሊስ አማች ነው የሰጠሁት።»

ቦኒ ማኘኳን ተወች። ምግብ አፏ ውስጥ እያለ ዝም ስትል ጃኔል አይታት አታውቅም።

«ጃኔል፣ እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል አይደል?»

ጃኔል ሳንድዊቹን ወረቀቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «እስከ እኩሌታው።»

«እኔ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የራሴን ገዝቼ ሳነበው ነበር። ትናንት ስጨርሰው ባሌ ማን ሞተ ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ነው ያለቀስኩት።» ቦኒ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰውዬው ያገባታል። ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። ከዚያ በወሊድ ትሞታለች። ሕፃኑም አይተርፍም።»

ከመስኮቱ ውጪ አንድ የጭነት መኪና መኖ እየጫነ ነበር። የሚሠሩበት የመኖ መጋዘን ቢሮ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ የጠረጴዛው ብርጭቆ ይንቃጨላል።

«እንግዲህ ልክ እንደ ሚስቱ፣ እንደ ማርሻ» አለች ቦኒ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ከዚያ መናገሯ ቆጫትና የጃኔልን እጅ ያዘች። «አንቺ ልጅ፣ አልፈረምሽበትም በይኝ።»

«ፈርሜበታለሁ።»

በዚያ በሰሜን ምዕራብ አዮዋ፣ የበቆሎ ማሳና የአሳማ ማርቢያ በከበቡት ትንሽ ከተማ፣ ክርስቲያናዊ ልቦለድ የማያነብ ቤት ጥቂት ነው። ሰው የሚያነበው ግን በዘፈቀደ አይደለም። አንዲቷ ለሌላዋ ትመርጣለች። ልጇ ለራቀባት እናት ልጅ የሚመለስበትን፣ ባሏ ለጠጣባት ሴት ባል የሚድንበትን፣ ገና ላላገባች ደግሞ መሳም ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት የማይመጣበትን። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ያለውን ቤተ መጻሕፍት ያቋቋመችው ወይዘሮ አርሊስ ናት፤ ሥርዓቱንም ያወጣችው እሷው። አዲስ የመጣ ልቦለድ ከመደርደሪያ የሚወጣው አስቀድማ ያነበበችው ሴት በኋላው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ስሟን በእርሳስ ስትጽፍበት ነው። ትርጉሙም፣ እስከ መጨረሻው ቃል አንብቤዋለሁ፣ ለሚወስደው ሰው ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ማለት ነው። በዚያ ከተማ ቼክ ላይ ከሚሰፍር ፊርማ ይልቅ ያ የእርሳስ ስም ይታመናል።

ኬንት ልቦለድ አንባቢ አልነበረም። ወደ ከተማዋ የመጣው ላም ለማለብ ተቀጥሮ ነው። የአርሊስ ባል በሞተ ጊዜ እርሻውን የሚይዝላት ሰው ስትፈልግ አንድ ቦርሳና አንድ ጥንድ ቦት ይዞ መጣ። ከዓመት በኋላ ማርሻን፣ የአርሊስን አንድ ልጅ፣ አገባ። ያን ጊዜ ከተማው ብዙ አወራ፤ አላቢው ላሟንም መሬቱንም አገኘ ተባለ። ማርሻ በወሊድ ከነሕፃኗ ስትሞት ወሬው ተቋረጠ። አሁን ኬንትና አርሊስ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች። ምግብ በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ። መሬቱ የሷ ነው፤ ላሞቹ የሷ ናቸው፤ የሚያርፍበትም አልጋ የሷ ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ያላገቡት ሴቶች ለኬንት ሰላምታ ሲያቀርቡ እንኳ ዓይናቸው አርሊስ የት እንዳለች ይፈልጋል።

ማርሻ ከተቀበረች በኋላ ባለው ወር፣ አንድ እሁድ፣ ኬንት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደና የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ የምትይዘው ጃኔል ፊት ቆመ።

«ማርሻ ታነብ የነበረውን ዓይነት ስጪኝ» አላት።

ከዚያ ወዲህ እሁድን አሳልፎ አያውቅም። መጽሐፍ ሲመልስ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። አንዴ ስለ አንድ የወተት ገበሬ ታሪክ «ሰውዬው መልካም ነው» አለ፤ «ግን ላሞቹን የሚያልበው መቼ ነው? ጠዋትም ማታም ሴትዮዋን ይዞ ወንዝ ዳር ነው።» ጃኔል ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ መደርደሪያው ዞረች። በእነዚህ አጫጭር ቃላት ሳምንቱን ትኖራለች። የመጣው ለመጽሐፉ ነው ወይስ ለሷ? ሰኞ ለሷ ይመስላታል፤ ረቡዕ ለመጽሐፉ ነው ትላለች፤ ቅዳሜ ማታ ፀጉሯን ስትጠቀልል ራሷን ትታዘባለች። አባቷ የሰው መኪና የሚነዳ የወተት ሾፌር ነው፤ ከአርሊስ በረት ወተት ይቀዳል፤ አርሊስን ሲያገኛት ኮፍያውን ያነሣል። ጃኔል ከዚህ በላይ ማሰብ አትደፍርም ነበር።

ባለፈው እሁድ ግን ደፈረች። ኬንት ሲመጣ መደርደሪያው ላይ ያላነበበው አልነበረም። በቦርሳዋ ውስጥ እኩሌታውን ያነበበችው አዲሱ መጽሐፍ አለ። አርሊስ ከፎቅ ብስኩት እያደለች ናት። ኬንት «ዛሬ ባዶ እጄን ልመለስ ነው» አለ፤ ፊቱ ላይ ያየችው ነገር የእውነት ማዘን ይመስል ነበር። አጠር ያለውን እርሳስ አነሣች። ስሟን ጻፈች። ሲቀበላት ጣቶቹ ጣቶቿን ነኩ፤ ወይም የነኩ መሰላት።

አሁን ሐሙስ ነው። ኬንት ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው፤ ከማታው አለባ በኋላ ጥቂት ገጽ ብቻ። ምናልባት ገና አልደረሰም።

«ሂጂ» አለቻት ቦኒ፣ የመኪና ቁልፏን እያቀበለቻት። «አለቃችን ከጠየቀ ጥርሷን አመማት እላለሁ።»

«ምን ብዬ ልውሰድበት?»

«እሱን መንገድ ላይ አስቢው።»

መንገዱ አጭር ነበር፤ ለማሰብ አልበቃም። የመጋቢት በረዶ በማሳዎቹ ጠርዝ ላይ ጠቁሮ ቀርቷል፤ የአፈሩ መንገድ ጭቃ ሆኖ የመኪናውን ጎማ ወደ ቦዩ ይጎትተዋል። ሰው ፈልጎት ነው እላለሁ፤ አለች ለራሷ። ገጽ ጎድሎታል እላለሁ። አንድ መጥፎ ቃል አገኘን እላለሁ፤ ይህኛው በዚያ ከተማ ማንንም ያሳምናል። ግን ኬንት ከደረሰበትስ? ብቻውን፣ ከላይ ባለው ክፍል፣ ማርሻ ታርፍበት በነበረው አልጋ ጠርዝ ተቀምጦ ያን ገጽ ሲገልጥ ታያት። ቅንጣት ያህል ማሰብ ያቃተኝ እኔ ነኝ፤ አለች፤ ስሜን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

በሩን የከፈተችው አርሊስ ናት። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ሽበቷን ወደ ኋላ ያስያዘች ሴት። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው።

«ጃኔል» አለች። «ዛሬን እሁድ አደረግሽው እንዴ?»

«ይቅርታ ወይዘሮ አርሊስ። ኬንት ዘንድ አንድ መጽሐፍ አለ፣ እሱን ልወስድ ነበር። ሌላ ሰው ጠይቆኝ።»

«እሁድ እስኪደርስ መጠበቅ ያልቻለው ማነው?»

ከጃኔል አፍ የወጣው የመጀመሪያው ስም ነበር። «ቦኒ።»

«ቦኒ» አለች አርሊስ ቀስ ብላ። «ባለፈው ሳምንት መጽሐፍ መደብሩ ውስጥ አይቻት ነበር፤ ያንኑ መጽሐፍ ገዝታ ስትወጣ። ሁለት ዓይን ስላላት ለሁለቱም ፈልጋ ነው?»

አርሊስ ከበሩ ፈቀቅ አለች።

«ግቢ። ኬንት በረት ነው፣ አንዲት ላም እያስወለደ። እጅሽን ታጠቢና ድንቹን ላጪ፤ የተቀመጠ እንግዳ አልወድም።»

ወጥ ቤቱ ሞቃት ነበር። ጃኔል እየላጠች ዓይኗ መጽሐፉን ይፈልጋል፤ በመስኮቱ ደፍ፣ በማቀዝቀዣው አናት፣ ወንበሩ ላይ። የለም። ከላይ ነው ማለት ነው። አርሊስ ጀርባዋን ሰጥታ ካሮት ትቆርጣለች፤ ቢላዋው ሰሌዳው ላይ እኩል ይመታል።

«ማርሻን የቀበርን ዕለት ኬንት አላለቀሰም» አለች ድንገት፣ ሳትዞር። «ቆሞ የሰውን ሁሉ እጅ ጨበጠ። ከቀብር ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ ላሞቹን አለበ። ከዚያም ወዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። ማክሰኞ ማታ ግን በጣሪያው በኩል ሰማሁት። ቆሜ ሰማሁት። ደረጃውን ወጥቼ ላንኳኳ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ።» ቢላዋው ቆመ። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው የሰጠሽው?»

ደርሷል። ጃኔል የያዘችው ድንች ከእጇ ወደ ውሃው ወደቀ። አፏን ከፈተች፤ ያኔ የኋላው በር ተከፍቶ ኬንት ገባ፤ ቦቱን ደጃፉ ላይ እየጎተተ እያወለቀ።

«ወንድ ጥጃ ነው እማማ» አለ። «እናቱም ደኅና...» ጃኔልን አየ።

እንደዚያ አይቷት አያውቅም። ምድር ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ ዓይኑ ከመጽሐፉ ወደ ወለሉ ነው የሚሄደው። አሁን ግን ዓይኑን ሳይነቅል፣ ሳይቸኩል፣ ለረጅም ጊዜ የጠበቃት ሰው እንደሚያይ አያት። ጃኔል ያን ዓይነት እይታ ዓመት ሙሉ ስትመኝ ኖራለች፤ አሁን ሲመጣ ፈራችው።

አርሊስ ሁለቱንም አየች። «ፎሶልያ ላውጣ» አለችና ወደ ታችኛው ጓዳ የሚወስደውን ደረጃ ወረደች።

ኬንት እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ። ጀርባው ወደሷ እንደሆነ ተናገረ።

«እሁድ ድረስ እንዴት እንደምቆይ ጨንቆኝ ነበር።»

«ኬንት፣ ስለ መጽሐፉ ነው የመጣሁት።»

«እኔም ስለሱ ነው። መጀመሪያ እኔ ልበል፤ አሁን ካላልኩት ሌላ ጊዜ አይወጣልኝም።» ፎጣውን አነሣና ዞረ። «እንቅልፍ አጥቼ በሦስት ሌሊት አስተማሪዋ የምትሞትበት ድረስ አነበብኩ። ገጹ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። እውነቴን ነው። ከወደቀበት ሳነሣው የኋላው ሽፋን ተከፍቶ ነበር፤ ስምሽን አየሁት።»

ጃኔል ጠረጴዛውን ያዘች።

«ሰው ሁሉ እኔ ፊት ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል» አለ ኬንት። «ወሊድ የሚል ቃል እኔ ባለሁበት አይነሣም። ሕፃን የያዘች ሴት እኔን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ማርሻን ሁለተኛ ጊዜ የቀበሩብኝ ይመስለኛል። ስምሽን ሳይ፣ ይቺ ልጅ አንብባዋለች አልኩ። ምን እንዳለበት እያወቀች ነው የሰጠችኝ። አንድ ሰው፣ ኬንት ይህን ይችላል ብሎ አመነ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም።»

ከጓዳው የማሰሮ መንቋቋት ይሰማ ነበር። ኬንት ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ከዚያ ማለፍ ግን አልቻልኩም። የቀረው ጥቂት ምዕራፍ ነው፤ ደጋግሜ እከፍተውና እዘጋዋለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ። ሰውዬው ምን ይሆናል? ይተርፋል? እሱን ብቻ ንገሪኝና ልቀጥል።»

ቀላል ነበር። ይተርፋል ማለት ብቻ ነው። እነዚህ መጻሕፍት ሲያልቁ ሰው ይተርፋል፤ ጸሎት ይመለሳል፤ ጎህ ይቀዳል። ጃኔል ከመቶ በላይ አንብባለች፤ ሳታነበው መጨረሻውን መናገር ትችላለች። አንድ ቃል ብትል በዚያ ፊት ላይ ያለው ብርሃን የሷ ይሆናል፤ የሚወዳት ሰው ይኖራል። የሚወዳት ግን ያላደረገችውን ያደረገች ሌላ ጃኔል መሆኗን እያወቀች፣ በየቀኑ ከዚያች ሴት ጋር አንድ ቤት እየኖረች።

«አላውቅም» አለች።

«ምኑን?»

«መጨረሻውን። አላነበብኩትም ኬንት። እኩሌታው ላይ ነው የቆምኩት።»

ኬንት የሰማው ያልገባው ይመስል አያት። «ስምሽ አለበት።»

«ዋሽቼ ነው። እንደምትሞት አላውቅም ነበር። ዛሬ ምሳ ላይ ቦኒ ነገረችኝ፤ ሳትደርስበት ልወስድብህ ነው የመጣሁት።»

ብርሃኑ ከፊቱ ሲሄድ አየችው። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ ፈትቶ፣ እንደገና አጠፈው።

«እንግዲህ ስለኔ አስበሽ አልነበረም።»

«አስቤ ነበር።»

«ምኑን አሰብሽ? ሳታነቢ የሰጠሽኝን?»

«እኩሌታው ላይ ሰውዬው ጭቃ ውስጥ ይወድቃል» አለች ጃኔል። «አስተማሪዋ ፊት፣ ባልዲውን ይዞ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይስቃል። ያን ሳነብ አንተን አየሁ። እንድትስቅ ፈለግሁ።» ቆመች። ይህም ሙሉው እንዳልሆነ ታወቃት፤ ከዚህ ወዲያ የሚደበቅበት አልነበረም። «አይደለም። እኔ እንዳስቅህ ነው የፈለግሁት። ያቺ አስተማሪ እኔ ብሆን ብዬ ነው። ስለዚህ ነው መጨረሻው ያላሳሰበኝ።»

ከበረት አዲሷ እናት ጥጃዋን ስትጠራ ይሰማል።

«ቁልፉን እመልሳለሁ» አለች ጃኔል፣ ወደ ጓዳው በር ዞራ፤ አርሊስ የፎሶልያ ማሰሮ ታቅፋ እዚያ ቆማለች፤ ከየትኛው ቃል ጀምሮ እንደሰማች ፊቷ አይናገርም። ጃኔል የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከመያዣው ለማውጣት ታገለች፤ ጥፍሯ ተሰበረ። «ሥርዓቱን አውቃለሁ ወይዘሮ አርሊስ። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ያስቀምጡበት።»

«ቁልፉን ተይው» አለች አርሊስ። ማሰሮውን አስቀመጠች፤ ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ወንበሩ ላይ ሙሉ ክብደቷን ጥላ ተቀመጠች። «እኔ ብፈርድብሽ እግዚአብሔር ይታዘበኛል። ከአልጋዬ ሥር ሳጥን አለ።»

ሁለቱም አዩዋት።

«ማርሻ ከሞተች ወዲህ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሌላ የሚያገባበትን መጽሐፍ ሁሉ ከመደርደሪያው አነሣሁ። ሲጠይቁኝ ጥራዙ ላልቶ ነው፣ ላስጠግን ነው እላለሁ። አንድ ሳጥን ሞላ፤ ሌላ ጨመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ከአልጋዬ ሥር ያሉት ወንዶች ብዛት ያሳፍራል።»

ከኬንት ጉሮሮ አጭር ነገር አመለጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ጃኔል አልለየችውም። አርሊስ ግን አልሳቀችም።

«ኬንት እንዳያነባቸው ነበር» አለች። «ጅል አይደለሁም፤ በየእሁዱ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ፀጉሩን እንደሚያበጥር አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህን መጻሕፍት አነበብኩ። ሚስቲቱ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ትሞታለች። ሰውዬው ያዝናል። ከዚያ ቆንጆዋ ትመጣለች። ደስ እያለኝ ለሰው ስመርጥ ኖርኩ። የሟቿ እናት የት ደረሰች ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። የኔዋ ልጅ ስትሞት ነው ያቺን እናት የፈለግኋት፤ ሳጥን ሙሉ ፈለግኋት። በአንዱም የለችም። ምናልባት ሰውዬው ሲያገባ ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ጸሐፊዎቹ ማየት ስለማይወዱ ዘለውት ነው።»

«እማማ» አለ ኬንት። «እኔ የትም አልሄድም።»

«አንተ አትሄድም፤ መሬቱ ይዞህ ነው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ሕፃኑ ቢተርፍ አያቱ እሆን ነበር። በኔና ባንተ መካከል ደም የለም። አሁን ምንህ ነኝ?»

ጃኔል ልትወጣ ተነሣች፤ ይህ እሷ የምትሰማው አልነበረም። አርሊስ ግን ሳታያት እጇን ዘርግታ ክንዷን ያዘች፤ ጃኔልም በቆመችበት ቀረች።

ኬንት ቃል እየመረጠ የሚናገር ሰው ነው፤ አርሊስም ታውቀዋለች፤ ጠበቀችው።

«መጀመሪያ የወደድኩዎት የማርሻ እናት ስለሆኑ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቀደም ሲል እንዲያውም እፈራዎት ነበር። አሁን ግን ከበረት ስገባ ካልሲህ ርሷል ብለው የሚቆጡኝ እርስዎ ነዎት። በደሞዝ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ለደሞዝ ብዬ አይደለም የቀረሁት። መሬቱን ነገ ቢሸጡት የትም ቢሄዱ ተከትዬ እመጣለሁ። ስሙ ምን እንደሆነ አላውቅም። ግን በማርሻ በኩል አይደለም፤ ስለ ራስዎ ነው።»

አርሊስ ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። አንዴ ጠርጋ አልበቃትም። የጃኔልን ክንድ ግን አልለቀቀችም፤ ጣቶቿ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ጃኔል ያን መጨበጥ ምን ብላ እንደምትተረጉመው አታውቅም፤ ሂጂ ይሁን ቆዪ።

ኬንት ወደ ጃኔል ዞረ። «አንቺ ላይ ተናድጃለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ነገም እናደዳለሁ። እስከ እሁድም ሳይቆይ አይቀርም።»

«እሺ።»

«ይተርፋል ብትዪኝ አምንሽ ነበር። ታውቂ ነበር እንደማምንሽ?»

«አውቅ ነበር» አለች ጃኔል፤ እንባዋ መጣ። «ስለዚህ ነው ያልቻልኩት።»

አያት። ጣቱን በጸጉሩ መካከል አሳለፈ፤ ዛሬ አልተበጠረም፤ ገለባ ነበረበት። «አትሂጂ» አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ፤ ሊናገረው ያሰበው ሳይሆን ያመለጠው ይመስል።

ጃኔል ቁልፉን ወደ ኪሷ መለሰችው።

«ሂድና ያን መጽሐፍ አምጣው» አለች አርሊስ፣ ድምፅዋን አስተካክላ። «ሦስት ሰው ሆነን አንዳችንም መጨረሻውን አናውቅም፤ ይህ በቤቴ ሆኖ አያውቅም። አንቺ ታነቢያለሽ። ጮክ ብለሽ፤ በአፍንጫሽ ሳይሆን።»

ኬንት ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ መጽሐፉ አንድ ጥጉ ተጎድቶ ነበር። የቆመበትን ገጽ ከፍቶ ሰጣት። ጃኔል ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። መቃብሩ ነበር፤ ትንሽ ሳጥን በትልቁ ሳጥን ላይ፤ ሰውዬው አካፋውን ከሰው እጅ ነጥቆ አፈሩን ራሱ ሲመልስ። አርሊስ ዓይኗን ጨፈነች። ኬንት ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ግንባሩን ያዘ። ጃኔል ቃል ሳታስቀር፣ ሳትቸኩል አነበበች፤ ይህን ጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ልትዘልበት አልፈለገችም። ሐዘኑ ወደ ሌላ ሐዘን ያልፍ ነበር፤ ሰውዬው ይተርፍ አይተርፍ ገና አልታወቀም። አንድ ጊዜ ቀና ስትል ኬንት እያያት ነበር፤ ቁጣውም፣ ሌላውም፣ ሁሉም አብሮ ዓይኑ ውስጥ አለ፤ አንዱንም አልደበቃትም።

ምዕራፉ ሳያልቅ ከውጪ ላሞቹ መጮኽ ጀመሩ። ኬንት ሰዓቱን አይቶ ተነሣ፤ ሐዘን ቢኖርም ባይኖርም ጡት ይሞላል። ቦቱን አጠለቀ። በሩ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ተመለከተና ወጣ።

ጃኔል ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ከድስቱ መፍላት በቀር ድምፅ የለም። አርሊስ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ዓመት ሙሉ የፈራቻት ሴት፤ ትንፋሿ ይሰማታል።

«ልቀጥል?» አለች ጃኔል።

አርሊስ በመስኮቱ ወደ በረቱ አየች። የበረቱ መብራት በራ፤ አንድ ጥላ ከላሞቹ መካከል ወዲያና ወዲህ አለ። የሁለቱም ሴቶች ዓይን ጥላውን ተከተለ፤ አንዷም ሌላዋ እንደምታየው እያወቀች።

«አይ» አለች አርሊስ። «እንጠብቀዋለን።»

ጃኔል ያን ቃል በውስጧ ደገመችው። ስትጠብቀው ዓመት ሆኗታል፤ በየሰኞው፣ በየረቡዑ፣ ብቻዋን፣ ለማንም ሳትናገር። መጠበቅ እንዲህ ከሰው ጋር የሚካፈሉት ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር። ፍርሃቱ አልሄደም። ግን ከምሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትንፋሿ እስከ ታች ድረስ ወረደ።